የመዋጮዬ ድምር

ሮንዳ ፒልቸር፣ የተማሪ አውቶብስ ሾፌር፣
ለኮንግረስ ቆማ፣ ዴይተን ላይ በር ለበር ስትዞር፣
ተቀናቃኟ በየማስታወቂያው ሲፎክር፣
እኔ የፓርኪንግ ዘብ፣ የሌሊት ቲኬት ቆራጭ፣
ግሪን ካርድ የያዝሁ፣ ገና ያልሆንሁ መራጭ፣
በብርድ ጓንቴን አውልቄ ስልኬን ነካካሁ፤
የነገ ምሳዬን፣ ሰባት ዶላር ላክሁ።

ይርጋ ሰማና ሳቀ፣ ሳቀ ሳል እስኪጥለው፤
«ሰባት? ያኛው ሰውዬ ስንት ሚሊዮን አለው!»
ድርና አንበሳውን ልተርትበት ቃጣኝ፤
ተውሁት፤ ሆዴ ጮኾ ተረቱን አስጣለኝ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ማታ፣ ዝናብ ሲያንጠባጥብ፣
የተላጠች ፎርድ ወረደች ከሦስተኛው ደርብ፤
ራሷ ሮንዳ ናት፣ ክርክር ያደከማት።
«ዘጠኝ ዶላር» አልኋት።
ቦርሳዋን ፈተሸች፤ የወንበር ሥር ሳንቲም ለቀመች፤
ሰባት ላይ ቆመች።

ሁለቱን ከኪሴ ሞልቼ፣ ደረሰኙን ቆረጥሁ፤
ስለዚያኛው ሰባት ትንፍሽ ሳልል ቀረሁ።
«ብድሬን ልመልስ፣ ስምህ ማነው?» አለች፤
ብረቱን አነሳሁት፤ መኪናዋ አለፈች።

ዘጠኝ ደርሷል እንግዲህ የመዋጮዬ ድምር፤
አደራ ግን፣ ለይርጋ ይኼ እንዳይነገር።