ሦስተኛዋ ቁራጭ

ስምህን ያወቅሁት ከጠርሙስ ላይ ነበር፣
በፎርማሊን ባሕር
ከምስር ያነሰች ሥጋህ ስትንሳፈፍ፣
«ነዚፍ አባ ቡልጉ። ሃምሳ ሁለት። ግራ አፍንጫ። በርጩማ ጠራቢ» የሚል ጽሑፍ
በሰያፍ ተለጥፎ ከጠርሙሱ አፋፍ።

አፍንጫህ ከታፈነ ዓመት ሊሞላው ነው፤
አንዱ ክሊኒክ ሳይነስ ነው፣ ሌላው አለርጂ ነው፣
ሂርማታ ያለው መድኃኒት ቤት የእንጨት ብናኝ ነው፣
ነው፣ ነው ሲባባሉ፣ ክኒን ሲቀያየር፣
ሌሊት ላብህ ትራስ ሲያበሰብስ ሲያድር፣
ላንቃህ ላይ አንዲት ቀዳዳ እስክትከፈት ድረስ፣
ሻይ በአፍንጫህ ወጥቶ ሸሚዝህ እስኪርስ።

አላወቅህም እንጂ፣ እኔም አናጢ ነኝ፤
መላጊያዬ ስል ነው፣ ሥጋ ነው እንጨቴ፣
በሰም እቀብረዋለሁ እስኪጠናልኝ፣
ልጌ፣ ሐምራዊ ነክሬ፣ አንጥፌ በመስታወቴ
ላነብ እቀመጣለሁ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ጅሬን ጉም ሲደርብ፣ ጅሬን ጉሙን ሲፈታ።

የመጀመሪያዋን አየሁ። ሙት ነበረች።
ሁለተኛዋም እንዲያው።
«የሞተ ሕዋስ፤ ቁስለት፤ ካንሰር አልታየም» ብዬ ፈረምሁ።
ቆንጆ ፊርማ ነው። አሁንም ፋይልህ ውስጥ አለ።
እሳት አመድ ወለደ ይላሉ፤
አመድም እሳት ይደብቃል ብሎ የሚተርት ግን የለ።

ያላመነችኝ ሌንሴ ናት፣ የአንገት በላይ ሐኪሟ፤
«ሰውየው እያለቀ ነው» አለች፣ ተቆጣ ድምጿ።
ጠልቃ ገባች፤ ከሚደማው ጫፍ፣ ከሕያው ድንበር፣
ሦስተኛዋን ቁራጭ አመጣች።
እዚያ ነበር።

የደም ሥሩን ከብበው፣ ግድግዳውን ሰብረው፣
ደም እንዳያልፍ አንቀው፣ ሥጋህን አስርበው፣
ዘብ የነበሩ ሕዋሶች፣ ሽፍታ ሆነው።
ሰሙ አዲስ አበባ ሄደ፣ ልዩ ቀለም ተነከረ፤
ስሙ በአሥራ ዘጠኝ ቀኑ ተነገረ።
ረጅም ስም ነው። ለመዲና ለሚስትህ ስንነግራት
«ሊምፎማ» ላይ ቆምን፤ የቀረውን ዋጥን፤
«በአፍንጫ?» አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣት።

ከዚያ ጨረሩ፤ ፊትህ በጭምብል ታስሮ ከጠረጴዛ፣
ያም መድኃኒት፣ በአገር ጠፍቶ፣ ወንድምህ በቴሌግራም አፈላልጎ
መጣ፣ በበረዶ ሣጥን ታሽጎ፤
አፍህ ተላጠ። ሾርባ እንደ ሚስማር ዋጥህ።
ዕጢው ግን ሟሸሸ።

ትናንት በእግርህ መጣህ፣ ላንቃህ መድፈኛ ለብሶ፦
«ሥጋዬን አሳዪኝ።»
አሳየሁህ። የመጀመሪያዋንም። ፊርማዬንም።
አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ብዙ ቆየህ።
«ዳሩን ነው የላግሽው» አልህ። ሌላ አልጨመርህም።

ከኪስህ ሁለት ፍቅፋቂ አወጣህ፤
«አንዱ ዋንዛ ነው፣ አንዱ ቀረሮ፤ ዱሮ በጨለማ እለይ ነበር፤ ዛሬ ዝም አሉኝ።
እስቲ አንቺ።»
አሸተትሁ። አሥራ አራት ዓመት ፎርማሊን የማግሁ እኔ
አሸተትሁ፣ ደገምሁ፣
ፎርማሊን ብቻ።

ሳቅህ፤ እኔም።
ቀጠሮህ ለሦስት ወር ነው።