አርባ ደቂቃ

ይህን መንገድ ሃያ ዓመት ነዳሁት፤
"አርባ ደቂቃ ነው" ብዬ ለስንቱ ነገርሁት።
ናዝሬት ስል የአዳማዋን አይደለም፤ የገሊላዋን፣
አውቶቡስ እንደ ሰነፍ በቅሎ የሚለግምባትን፣ ባለ ዳገቷን።

ጡረታ ወጣሁና የልጄን ቦርሳ ተዋስሁ፤
("አባ፣ አውቶቡስ አለኮ!" ብትልም አልመለስሁ።)
ከገበያው ጀርባ ደረጃውን ቆጠርሁ፤ አራት መቶ ሦስት፣ ወይም አራት፤
አንዷ ላይ ድመት ተኝታ ዘለልኋት።

ነጭ፣ ብርቱካን፣ ነጭ፤ ድንጋይ ላይ የተቀባች ምልክት፤
ስትጠፋኝ ቆሜ እንደ ተሳፋሪ እየጠበቅኋት።
ቃና ስደርስ ሰርግ አልነበረም፤ አንድ ጎሚስታ ግን ጫማዬን አይቶ፣
"ጎማው አልቋል" አለኝ፣ የሮማን ጭማቂ ቀድቶ።

ጎላኒ መስቀለኛው ላይ የኔው ቁጥር አውቶቡስ መጣ፤
ናስር ነው፤ በሩን ከፈተ። "ና ይርዳው፣ ፀሐይዋ ሳትቆጣ!"
እጄን አወዛወዝሁ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አየኝ፤
እኔም ስንቱን እግረኛ አቧራ እንዳለበስሁ ትዝ አለኝ።

አርቤል ገደሉ ላይ የሚጨበጠው የብረት እጀታ ብቻ ነው፤
መሪ የለ፣ ፍሬን የለ፤ ጉልበቴ ነው የሚያቃስተው።
"ግራ እግርህን ዝቅ አድርግ" አለች ከታች አንዲት ወጣት።
ዝቅ አደረግሁ።
ባሕሩን በሁለት ጫማዬ መካከል አየሁት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ጥብርያዶስ እግሬን ነከርሁ፤
ሲነጋ የመልሱን ቲኬት እንደ ሰው ከፍዬ ተሳፈርሁ።
አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው በመስኮቱ ጠቆምሁት፦
"እዚያች ወይራ ሥር ነው ከትናንት ወዲያ ያደርሁት።"

"የቷ?" አለ።
አልፈናት ነበር።