አስራ ሁለት ቁጥር

ከኩታይሲ በሌሊት በፊተኛው ሚኒባስ
መቃኛ ቁልፌን በቦርሳ ይዤ ትብሊሲ ስደርስ፣
የኮንሰርቫቶሪው ዘበኛ በሩ ላይ
እጁን ያሞቅ ነበር በብርጭቆ ሻይ።
«ማን ልበል?» አለኝ።
«ማቅቫላ። ቃኚ ነኝ።»
«ቃኚ? የማን ጦር ነው አንቺን የላከብን?»
ሳቀና ከፈተ። ሳቅኩና ገባሁ።
ሦስተኛው ፎቅ ስደርስ ግን እንደ ድሮው ፈራሁ።

አስራ ሁለት ቁጥር። የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት፣
አምስት ፈታኞች ፊት፣ በመጨረሻው ዕለት፣
እዚሁ ፒያኖ ላይ ግራ እጄ መንገድ ሳተ፤
ቀኙ ለብቻው ጥቂት ሮጦ እሱም ጎተተ።
ፕሮፌሰሩ ብዕሩን ከደነ፤
ከዚያ ሁሉ ሙዚቃ በጆሮዬ የቀረው
የክዳኑ ቀጭታ ሆነ።

አባቴ ጎማ ለጣፊ ነበር። የተቀበሉኝ ቀን
ጆሮውን ከመነዳሪ ላይ ደፍቶ፣
የሚያፈስበትን ቦታ በትንፋሹ ሊያገኝ ሽቶ፣
ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦
«ሐኪም ያክማል፤ ጠበቃ ይሟገታል፤
የፒያኖ ሰው ግን ጧት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል?»
መልስ አልነበረኝም።
ጧት ጧት ተነስቼ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ሄድኩ እንጂ።

ስንመረቅ አስራ አንድ ነበርን።
ኦታር ዋሽንቱን ይዞ መርከብ ላይ ተቀጠረ፤
ለጡረተኛ ቱሪስት እራት ሲበላ እየነፋ ኖረ፤
ማዕበል ሳህኑን ሲገለብጥ
የእሱ ትንፋሽ አይዛነፍም ይላሉ።
ጺሳና በረዶ መንገዱን በዘጋበት መንደር፣
ራጫ ተራራ ላይ፣ ለአስራ አራት ልጆች መምህር፤
«አንዱ ተንተባታቢ ነው» ብላ ጻፈችልኝ፣
«ሲዘምር ግን ምላሱ እንደ ውሃ ይወርዳል።»
ጉራምን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ባትሰሙም፤
ከባንኩ ማሽን ብር ሲወጣ የምትጮኸው አራት ኖታ
የእሱ ናት። ቤት ገዛባት።
ሲምፎኒው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አንስተንበት አናውቅም።
ዳሊ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ስትሮክ ቃል የነጠቃቸውን
በዜማ ታባብልና የልጃቸውን ስም ታስጠራቸዋለች።
ሁለቱ ጭራሽ ተዉት። አልፈርድም።
ሌሎቹ ጠፉብኝ።

እኔን ደግሞ እጄ ሲከዳኝ ጆሮዬ አልከዳኝም፤
ከአንድ ሽማግሌ ቃኚ እግር ሥር ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ።
እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ያልነገረኝን እሱ ነገረኝ፦
አስራ ሁለቱን ድምፅ አንድ በአንድ
ፍጹም ጥሩ አድርገሽ ከቃኘሽ፣
ዞረሽ ስትመለሺ በሩ አይገጥምም፤ ደጅ ታድሪያለሽ።
እያንዳንዱ የፀጉር ያህል ይዋሽ፤
አብረው የሚኖሩት እንዲያ ነው።

ከጓንቷ ጣት የምታወጣ የምታገባ አንዲት ልጅ
በሩ ላይ ቆማለች፤ ኬቶ ትባላለች።
ከፈተናው በፊት ፒያኖውን ልታይ መጥታ
ያየችው የኔን ቦርሳ ነው።
«እርስዎም እዚህ ነበር የተማሩት?»
«እዚሁ።»
«እና...» አለችና ዋጠችው።
የአባቴ ጥያቄ ነበር፤ አወቅኩት በጉሮሮዋ።

«ነይ» አልኳት። ከሦስቱ ክር አንዱን በጨርቅ አፈንኩና መታሁ።
ዋ ዋ ዋ ዋ አሉ ሁለቱ።
«ይሰማሻል? ተጣልተዋል።»
ቁልፌን ገፋ አደረግኩ።
ዋ... ዋ...... ዋ.........
ከዚያ ዝም። አንድ ክር ሆኑ።
ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ቀረች።
ያለኝ መልስ ይኸው ነበር፤ መልስ ከሆነ።

ደረሰኙ ላይ «ሙያ» የሚል ባዶ መስመር አለ፤
ፈርሜ ዘለልኩት።
ወርጄ ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ጀመረች።
ከላይ፣ ከሩቁ ፋ ላይ፣ አንዲት ክር ትንቀጠቀጣለች፤
አምስቱም ፈታኞች አይሰሟትም፤ እኔ ሰማኋት።
ሚኒባሱ አይጠብቅም።
ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣
ለዕረፍት እስኪወጡ፣
የአባቴን ጆሮ ግድግዳው ላይ ደፍቼ።
ልጅቷ መሐሉን አለፈች።
እስካሁን ብዕር አልተከደነም።