ሰዓት ያዥ

ደብረጸን ነው ስሟ፤ ደብር ትመስላለች፣
በጥር ውርጭ መሀል ገንዳ ታሞቃለች።
ሰዓት ያዥ ነኝ እዚያ፤ በአራተኛው መስመር
መንትዮች ሲዋኙ አውራ ጣቴ ነው ምስክር።

በአሥራ ሁለታቸው ቦግላርካ ነበረች
በቁመት፣ በትንፋሽ ወንድሟን የቀደመች፤
ግድግዳውን ነክታ፣ መነጽሯን አውልቃ፣
ቤንደጉዝ እስኪደርስ ትስቅ ነበር ጠብቃ።

ዘንድሮ ድምፁ ጎረነነ፣ ትከሻው በር አከለ፤
በየሁለት ወሩ «ጫማ ጠበበኝ» አለ።
የእሷ ቁመት ግን
አሠልጣኟ በሩ ላይ በእርሳስ ያሰመረችው ጋ ቆመ።
ያው ንጋት፣ ያው ልፋት፤
ውሃው እንደ ድሮው መንገድ አለቀቀላትም።
ዛሬ በሁለት ሰከንድ ቀደማት፤
ሁለት ሰከንድ፣
ሻይ እፍ የማለት ያህል።

ላጽናናት ብዬ ተረት ጀመርኩ፣
በተሰባበረ ሃንጋሪኛዬ፦
«ፊት ከወጣ ጆሮ፣ ኋላ የመጣ ቀንድ…»
ማጽናኛ እንዳልሆነ የገባኝ መሀሉ ላይ ነው።

አንገቷን ዘንበል አድርጋ
ከጆሮዋ ውሃ አራገፈች፤
«ቀንድ ይሰማል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

መልስ አልነበረኝም።
ሰዓቱን ወደ ዜሮ መለስኩት።
እሷ መነጽሯን አጥልቃለች።