ቁልፏ ምን ትልበስ?

ሂርማታ፣ ከብረታ ብረት ሱቁ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ዓይኔ ላይ የስክሪን እሳት፣
አንዲት ቁልፍ ይዤ፣ ከጣት የማትበልጥ፣ «ይዘዙ» የምትል፣
ምን ላልብሳት እያልኩ ተቀምጫለሁ፤ ማን ይፍረድ፣ ማን ይበል?

ያነበብኩት ሁሉ ያውቃል፤ ይናገራል በእርግጠኛ ቃል፦
ሰማያዊ ያሳምናል፣ ቀይ ያጣድፋል፣
አረንጓዴ ያሳርፋል፣ ጥቁር ያስከብራል።
ጅማን ግን ማን ጠይቋል?

እዚህ ሰማያዊ ማለት በዝናብ የሚያመልጥ ባጃጅ ነው፣
እጅ ሲዘረጉለት የማይቆም፤ እምነቱ ታዲያ የት ነው?
ቀይ ደግሞ ጭቃ ነው፤ የቆጪ መንገድ ጭቃ፣
ጫማ ይዞ የማይለቅ፤ ስንት ጥድፊያ አየሁ እዚያው ሲያበቃ።
አረንጓዴውንማ ተዉት። ከቦዬ ረግረግ እስከ ጅሬን ጫፍ
አረንጓዴ ቀለም አይደለም፤ አየር ነው፣ የሚተነፈስ እንጂ የማይጻፍ።
ቁልፏን አረንጓዴ ባደርጋት፣
ቅጠል መስላቸው ያልፏታል፣ ሳይነኳት።

ነጭስ? «ንጹሕ ጀርባ» ይሉታል። እኔ ግን አምና በመስከረም
እናቴን የሸኘንበት ከፈን ነው የሚታየኝ፣
ባዶ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር፣ እስከ ዛሬም።

ደንበኛዬ አባ ቢያ ናቸው፤ በርጩማ ጠራቢ፣
ከአንድ ግንድ ሦስት እግር የሚያወጡ፣ ምስማር ጠል፣ ቀስ ብለው አሳቢ።
ልጃቸው ከአዳማ ደውሎ «ቀይ ይሁን» አለኝ፤ «ቀይ ይሸጣል።»
እሳቸው ሰምተው፦ «በርጩማ ሊቀመጡበት እንጂ ሊሮጡበት ማን ይገዛል?»

አባቴን ጠየቅሁ። ነስሩ ሰሌዳ ጻፊው፣ የአጂፕ ግድግዳ ሁሉ ጌታ፣
አሁን ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ቀትሩም ለእርሱ ወተት የተደፋበት ማታ።
«አንድ ጊዜ» አለኝ፣ «ከጣሳው ግርጌ ቢጫ ብቻ ቀርቶኝ፣
የሬሳ ሣጥን መሸጫ ጻፍኩበት፤ ምን ላድርግ፣ ቸግሮኝ።
ሳምንት ሙሉ ሰው እየገባ፦ ‹ማሩ ኪሎው ስንት?›
ባለሱቁ ሊያለቅስ ደረሰ። ፊደሉ አፉን ሳይከፍት በፊት
ቀለሙ ተናግሮ እንደሚጨርስ ያኔ ነው ያወቅሁት።»

በማግስቱ አባ ቢያ መጡ፤ ስልካቸውን ከኮት ኪስ አወጡ፣
መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው።
ገጹን ከፈትኩላቸው፤ ተቀመጡ።
ሦስት ሌሊት የመረጥኩት ሁሉ፣ ብርቱካናማው፣ ሐምራዊው ጥላ፣ ያ ሁሉ ምኔ፣
ስልኩ ባትሪ ሊቆጥብ ግራጫ አደረገው፤
አመድ ሆነ፣ እያየሁት በዓይኔ።

እሳቸው ግን አልደነገጡም። ከበርጩማው ሥዕል ላይ ጣታቸውን አኖሩ፣
መቀመጫው በጎደጎደበት ዙሪያ፣ እንጨት እንደሚዳብስ ሰው፣ አዞሩ፣
ወረድ ብለውም ቁልፏን ነኩ። «እዚህ ነው?» «አዎ፣ እዚያ ናት።»
«ዙሪያዋን ባዶ ስለተውሽው አገኘኋት።»
ባዶውን ቀለም ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።
ያን ቀን ቆጠርኩት።

ሲሄዱ የጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ የጣታቸው ቫርኒሽ ቀረ፣
ቀይም ያልሆነ፣ ጥቁርም፤ ሙጫ የሚሸት፣ ውስጡ ብርሃን ያደረ።
ስድስት አኃዝ ኮዱን ፈልጌ አጣሁት፤ የቀረበውን ወሰድኩ፣
ቁልፏን አለበስኳት፤ ኮምፒውተሩን አቅፌ ወደ አባቴ ወረድኩ።

«ምን ቀለም ሆነች?» አለኝ። «ቡናማ።»
«የቱን ቡና ነው የምትይኝ? ቀዩን፣ ዛፉ ላይ ያለውን?
የተፈለፈለውን፣ ግራጫማ?
የተቆላውን? ጅማ ተወልደሽ፣ ‹ቡናማ› ብለሽ ታልፊያለሽ እንዴ?»
መልስ አጣሁ፤ ባባ ሆዴ።

መዳፉን ዘርግቶ ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።
«ትሞቃለች» አለኝ።
ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ማሽን ነው ወይስ እሷ ነች፣
አልነገርኩትም። እጁ እዚያው ቆየች።