አጭር ክር

ኬዮን ነው፣ የቺሌ ደቡብ፣ መንገዱ ባሕር ውስጥ የሚያልቅ፣
ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሌት ተቀን የሚወድቅ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ በውልና ማስረጃ፤
ቤቱ መፈረሚያ ነው፣ አይደለም መፍረጃ፤
ምክር መስጠት ክልክል፣ አንብቦ ማኅተም መምታት፣
ቀጥሎ ያለውን «ና» ብሎ መጥራት።

ማክሰኞ ማክሰኞ የሳልሞን ፋብሪካ
የሸኘው ሰው ሁሉ ይመጣል ሊለካ።
የጎማ ቦታቸው ወለሉን ያረጥባል፣
ቢታጠቡም የማይለቅ ሽታቸው ከነሱ በፊት ይገባል።

ብዕሩ በክር ታስሯል ከጠረጴዛው እግር፣
የአለቃዬ ብልሃት፣ ሌባ እንዳይደፍር።
ክሩ አጭር ነው፤ ልክ የሚደርሰው
ነጥብ ነጥብ ካለው ከፊርማው ቦታ ነው።
ከዚያ ወዲያ ቢስቡት መልሶ ይጎትታል፣
ለመፈረም ይበቃል፣ ለመጻፍ ያጥራል።
ስድስት ዓመት አየሁት።
ክር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ኤደልሚራ ቺጓይ ገባች በዚያን ዕለት፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በበረዶው ክፍል፣ ከመቁረጫው ፊት
ዓሣ የገፈፈች፤ ዛሬ የቀኝ እጇ
አውራ ጣቱ አይታጠፍም፣ ጧት ጧት ቁልፏን የሚቆልፍላት የሰባት ዓመት ልጇ።

እንደ ደንቡ አነበብኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሳልቆም፦
«የስንብት ምክንያት፦ የድርጅቱ ፍላጎት።» ሌላ ቃል የለም።
አሥራ አራት ዓመቷን አሥራ አንድ ብሎታል፣
ሕጉ ከዚያ ወዲያ መቁጠር ይሰለቸዋል።

«ፍላጎቱ ምንድን ነው?» አለች ረጋ ብላ፣
«ሐሙስ በራፉ ላይ ለጥፈው አየሁ፣ ለኔው ቦታ ሌላ
ሰው እንደሚፈልጉ። መደቡ ታጠፈ የሚሉት ሐሰት፤
ያልታጠፈው ጣቴ ነው፤ መደቡማ ይኸው፣ ማስታወቂያ ወጣለት።»

የድርጅቱ ተወካይ፣ ሪኬልሜ፣ አዲስ ክራባት ያሰረ፣
ቼኩን ከማኅደሩ ግማሹን መዞ አሳየና መልሶ ሰወረ።
«ቅዳሜ ኪራይ የለብሽም?» አለ፤ ወረቀቱን
እንዳይንሸራተት ብሎ ጣለበት መዳፉን።

እሷ ከከንፈሯ ሥር አንድ ነገር ትደግማለች፣
ትናንት ማታ ጎረቤቷ ኔልዳ ምድጃ ዳር ያጠናቻትን እየቆጠረች።
አንዲት መስመር ናት፣ በእጅ የምትጻፍ፣ ከፊርማው በላይ፤
ማንም አይነግርህም፣ ካልጠየቅህ፣ መኖሯን ካላየህ በዓይን፦
«ገንዘቡን ብቀበልም ክስ የማቅረብ መብቴ እንደተጠበቀ ነው።»
ያለሷ የፈረመ ሰው አፉን የሰፋው በገዛ እጁ ነው።

ብዕሩን አነሣች፣ ወደ ላይ ሳበችው፤
ክሩ ተወጠረ። ደግማ ሳበችው።
ከመስመሯ መነሻ ሦስት ጣት ሲቀራት
የታመመው እጇ ተንቀጠቀጠባት።
ሪኬልሜ ሳቀ፤ «ቦታው ታች ነው» አላት።

የክር ውል ሲጠፋ ጫፉ ይፈለጋል፤
የሰው ውል ሲጠፋስ፣ ጫፉ የት ይገኛል?
ውል ስጽፍ፣ ውል ስዘጋ፣ ውል ስቆልፍ ኖሬ
ውሉ የጠፋብኝ እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ፣ አፍሬ።

የቤቱን ደንብ አውቃለሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።
ምክርን ይከለክላል፤ መቀስን ግን የትኛውም ገጽ ላይ ሲከለክል አላየሁም።

ቆረጥኩት።

ብዙ ጊዜ ፈጀች። ፊደሎቿ እንደ ሰካራም ተጋደሙ፣
አንዱ አንዱን ደገፈው፣ ግን ቆሙ።
«ክስ» የሚለው ላይ ብዕሩ ቀለም ተፋ፤
በክርኗ ጠረገችው፣ ቃሉ ግን አልጠፋ።
ቼኩን ሰጣት፣ መንፈግ ስለማይችል፤ እኔም ማኅተሜን
መስመሯን እንዳይነካ ዝቅ አድርጌ መታሁ፣ ይዤ ትንፋሼን።

ታሸንፍ እንደሆን አላውቅም፤ ቀጠሮው ለሚያዝያ ነው ይላሉ፤
ዳኞች በዝናብ ወር ብዙ ያስነጥሳሉ።
ከኋላዋ የቆመው፣ ኮፍያው ደረቱ ላይ ያለ፣
የተፈታውን ብዕር አየ፣ ከዚያ እኔን። «ምን ነበር የጻፈችው?» አለ።

ማታ አለቃዬ ቁራጩን ክር አንሥቶ፣ «ይኼ ማን ነው?»
ጣቴ ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ። «አርጅቶ ነው»
አልኩት። አልዋሸሁም፤ ስድስት ዓመቱ ነው።
ነገ ሌላ ገዝቶ ያስራል። መቀሱም እዚያው ነው።