ስፖኪዮ

ፋብሪካው ሲሠራው ይኼን ትራክተር
ከፊት ያለው ብቻ ታስቦ ነበር።
ሁለት መብራት አለው፣ ክላክስ አለው፤
ለኋላው ግን ምንም። የኋላውን የሚያየው
የኔ አንገት ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ከዋገጠራ ወረታ
ሩዝ ጭኜ ስነዳ፣ ጠዋትና ማታ፣
አንገቴ በግራው በኩል ተጣሞ እንደ ማጭድ
ተኝቼም ወደ ኋላ እያየሁ ነው የምነጉድ።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከአስፋልቱ አፍ ላይ፣
ከባሕር ዳር አይሱዙ ሲከንፍ መጣ፤ ሳላይ
ወደ ግራ ታጠፍኩ። ለጥቂት ነው የዳንኩ።
ሰውዬው ወርዶ ሰደበኝ፤ ዝም ብዬ አዳመጥኩ።
በማግስቱ ዋርካው ሥር፣ ይታያል ዘንድ ሄድኩ።

ስሙ ይታያል ነው። በብየዳ ብልጭታ
አንድ ዓይኑን የሸጠ፣ በሌላው የሚፈታ
የሚያስር ብሎን ሁሉ።
ከተገለበጠ አይሱዙ ሁለት ስፖኪዮ ነቅሎ
በላሜራ ክንድ ላይ በየዳቸው፣ “ሂድ!” ብሎ።

ሞተር አስነሣሁ።
ወይ ጉድ! ምን አየሁ?
ጣና ከኋላዬ፣ ያለ አንዳች ንፋስ፣ ይንተከተካል፣
አንዱ ወፍ አምስት ይሆናል፣
ብስክሌት የያዘው ልጅ በሦስት ይከፈላል፣
የገዛ ፊቴ እንኳ ጥርሱ ይንገጫገጫል።
“ሚካኤልን! ማየት እንዲህ ከሆነ መታወር ይሻላል።”

(ይኼን ለአንድ ዓይና ሰው? አፌን ያዝኩ። እሱ ግን ሳቀ፤
ብሎኑን በመፍቻ እስኪጮህ አጠበቀ።)

ባሰበት።
ክንዱን አስረዘመው፤ ይበልጥ ራደ።
አሳጠረው፤ ጥቂት በረደ።
ከጭቃ መከላከያው ሌላ ብረት አምጥቶ
በሦስት ማዕዘን አሰረው አጋብቶ፤
ጣና ከመፍላት ወደ መንቀጥቀጥ ወረደ።

“ብረት ለብረት ወሬ አቀባይ ነው” አለ፣
“ሰምቶ የሚውጥ ሰው በመሃል ካልዋለ።”
ካረጀ ከመነዳሪ ቀደደና ቁራሽ ጎማ
ብሎኑ ሥር አነጠፈ፣ በላይ በታች፣ እንደ ጫማ።

ገና ዳር ዳሩ ይርዳል፤
ይታያል ጆሮውን ክንዱ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል።
ቆይቶ ተነሣና ወደ ውኃው ዳር አቀና፣
ከእንዳላማው መረብ አራት እርሳስ ለመነና
በጎማ ጠቅልሎ ከመስታወቱ ጀርባ አሰረ።
“ያለዚህ” አለኝ “መረብም እንደ ቅጠል በበረረ።”

ሩዙ እንደ ተጫነ፣ እሱም ከጎኔ፣ መንገድ ጀመርን።

ረጋ።
ጣና መዳፍ በምታህል መስታወት ተዘረጋ፣
ታንኳው ታንኳ ሆነ፤ ደንገሉ ዘንግ በዘንግ ተለየ፤
ዓይኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣሁበትን አየ።

በግራው፣ ቀጥ አድርጌ አርሳለሁ ስል የኖርኩት ፈር
እንደ እባብ ነው የሚሄደው፤ ይኼን ቀድሞ ማን ይንገር?

በቀኙ፣
ከተሳቢው ማዕዘን፣ አውራ ጣት ከምታህል ቀዳዳ
ሩዙ ይንጠባጠባል፤ ቀጭን ቢጫ መስመር በሜዳ።
ከመስመሩ ኋላ፣ ጎንበስ ቀና እያለች፣
መጥረጊያና ቆርቆሮ ይዛ አንዲት ሴት ትከተላለች።
አንጓች ናት፤ ባሏን ውኃ የበላባት።
ስንት ዓመቷ ይሆን እንዲህ ስትል? እንጃ። እግሯ ያውቀዋል
የት ጋ እንደሚያነጥር፣ የት ጋ በዛ እንደሚልላት።

የሩዙ ጌታ ሌላ ነው። ሚዛን ላይ ሲጎድልበት “እርጥበቱ ነው” እያለ
ይኸው ስድስት ዓመት አምኖኝ አለ።

“ምን አየህ?” አለኝ ይታያል፣ ከጎኔ ተንጠልጥሎ።
“ወፍ” አልኩት። “ነጭ ወፍ፣ ትሉን ተከትሎ።”

ከከመነዳሪው ቁራሽ ተርፎ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፤
አውራ ጣት ያህላል። የቀዳዳዋ ልክ ነው።
ጥር ወጣ፤ አልለጠፍኩትም።
ስፖኪዮውም አልራደም።
አንገቴ ድኗል፤ ፊት ለፊት እያየሁ እነዳለሁ።
ኮረኮንቹ ላይ ስደርስ ብቻ
ጉድጓዱን መሸሽ ትቻለሁ።